ስኳሬ መስሎኝ የነበረው፦ የቤት የእንቅልፍ ምርመራና የሲፓፕ ማሽን፣ ከስምንት ወር በኋላ

አክስቴ ያረፈች ጊዜ ለቅሶ ቤት ሦስት ሌሊት አደርን። ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎ ሴቶቹ ጎን ለጎን ተኛን። በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ቡናው እየተቆላ፣ አጠገቤ ተኝታ የነበረችው የአጎቴ ልጅ ወደ ጓዳ ጠራችኝ።

«እታለም፣ እንዳትቆጪኝ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሌሊት ትንፋሽሽ ይቆማል። ማንኮራፋትሽ አይደለም ያስፈራኝ። ድንገት ጸጥ ትያለሽ። እቆጥራለሁ። ሃያ ስደርስ ውሃ ውስጥ እንደነበረ ሰው ተንፈራግጠሽ ትተነፍሻለሽ። እጄን ትከሻሽ ላይ አድርጌ፣ ስትቆሚብኝ እየነቀነቅኩሽ ነው ያነጋሁት።»

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ሳይሆን እፍረት ነው። ለቅሶ ቤት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንኮራፋሁ ማለት ነው። ባለቤቴ 14 ዓመት ሙሉ የሌሊት ፈረቃ ጋራዥ ሲሠራ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ማታ ማታ አጠገቤ ሆኖ የሚሰማኝ ሰው አልነበረም። ያቺ ልጅ ባትነግረኝ ዛሬም አላውቅም ነበር።

57 ዓመቴ ነው። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት በረዳትነት እሠራለሁ። ስኳር ከተገኘብኝ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ግፊትም አለብኝ። ይህን የምጽፈው ስለ ሁለት ነገር ነው፦ ቤት ተኝተው ስለሚያደርጉት የእንቅልፍ ምርመራና ከዚያ በኋላ ስለሰጡኝ ሲፓፕ ስለሚባለው ማሽን። የመሣሪያዎቹን ስም አልጠራም። የትኛው እንደሚደርሳችሁ የሚወስኑት ሐኪማችሁና ኢንሹራንሳችሁ ናቸው፤ አሠራራቸውም ይቀራረባል። ለምርመራው ከአምስት አምስት እሰጣለሁ፣ ለማሽኑ አራት። ማሽኑን ላመጣልኝ አቅራቢ ድርጅት ሁለት፤ እሱንም ስልክ ላይ ላነጋገረችኝ አንዲት ደግ ልጅ ስል ነው።

ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ ይህን ክፍል ቀስ ብሎ ያንብብልኝ። ከለቅሶው በፊት ሦስት ዓመት ያህል ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት እነሳ ነበር። ስኳር ሽንት እንደሚያበዛ ስለማውቅ «ስኳሬ ከፍ ብሏል» ብዬ ማታ እራት ቀነስኩ፣ እንጀራ ተውኩ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ውሃ መጠጣት አቆምኩ። ምንም አልተለወጠም። ጠዋት ስነሳ ግንባሬን በገመድ ያሰሩኝ ያህል ራሴን ያመኛል። ማታ ስተኛ 130 የነበረው ስኳር፣ ምንም ሳልቀምስ ጠዋት ስለካው 175 ወይም 180 ይሆናል። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ የሆነ ነገር አንቆኝ ብንን እላለሁ፤ እሱን ዱካክ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ልጅ ሆኜ እንዲህ ሲይዘኝ እናቴ ትራሴ ሥር ዳዊት ታደርግልኝ ስለነበር፣ እኔም እዚህ አገር መጥቼ እንደዚያው አደረግኩ።

አራቱም አንድ ነገር ነበሩ፦ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ በእንግሊዝኛው «ስሊፕ አፕኒያ» የሚሉት ሕመም።

ለስኳሬ የምታየኝ ነርስ ፕራክቲሽነር ጋ ሄጄ የአጎቴ ልጅ ያለችኝን ስነግራት፣ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ከዚያ ስምንት ጥያቄ ጠየቀችኝ። ታንኮራፊያለሽ? ቀን ቀን ይደክምሻል? ትንፋሽሽ ሲቆም ያየ ሰው አለ? የደም ግፊት አለብሽ? ክብደትሽ ከቁመትሽ አንጻር ሲሰላ ከ35 ይበልጣል? ዕድሜሽ ከ50 ያልፋል? የአንገትሽ ዙሪያ ከ40 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል? ስምንተኛው ጾታ ነው፤ ወንድ ከሆንክ አንድ ነጥብ ይጨመርብሃል። ይህ መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ2008 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ የማደንዘዣ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና ለሚደረግላቸው ሰዎች ብለው ያወጡት ነው። ዛሬ በየክሊኒኩ ይሠራበታል።

እኔ አራት አገኘሁ። ከሦስት እስከ አራት «መካከለኛ ሥጋት» ነው፤ አምስትና ከዚያ በላይ «ከፍተኛ»። አንገቴ 39 ሆኖ አመለጠኝ፣ ሴት በመሆኔም አንዱ ነጥብ ቀረ። ምርመራው ግን ከባዱን ደረጃ ነው ያወጣው። ስለዚህ እህቶቼ፣ ወረቀቱ ላይ ነጥባችሁ ትንሽ ቢሆንም አትዘናጉ። በሴት ላይ ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ በድካም፣ በራስ ምታትና በእንቅልፍ ማጣት ይመጣል፤ ስለዚህ «የማረጥ ነው»፣ «የሐሳብ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኔንም ሁለቱንም ብለውኛል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። በ11 ዓመት ውስጥ ስኳር ስላለብኝ ዓይኔን በየዓመቱ አይተውልኛል። ጫማዬን አስወልቀው የእግሬን ጣቶች አንድ በአንድ ነካክተዋል። ለኩላሊቴ ሽንቴን ወስደዋል። ስለ እንቅልፌ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም፣ እኔው በአፌ እስክናገር ድረስ። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ሐኪሞች የስኳርንና የትንፋሽ መቆራረጥን ዝምድና ልብ እንዲሉ ያሳሰበው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በቀጣዩ ዓመት እዚሁ አሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸውን 306 ሰዎች በእንቅልፋቸው መርምሮ፣ ከመቶው ከ86 በላይ በሚሆኑት ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ አግኝቷል። ክብደታቸው ከፍ ያለ ሰዎች ስለሆኑ ቁጥሩ ለሁሉም አይሠራም። ቢሆንም ይህን ሰምቶ እንዴት አይጠየቅም? ቅር ብሎኛል፤ አሁንም ቅር ይለኛል።

ነርሷ ነገሩን እንዲህ ነው ያስረዳችኝ። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። አንዳንዱ ሰው ላይ ጨርሶ ይደፈንና አየር አይገባም። አሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ ከቆየ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፤ አእምሮ ይደነግጥና ሰውነቱን ይቀሰቅሰዋል፤ እኛ ግን መንቃታችንን አናውቅም። በዚያ ድንጋጤ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቀቃሉ፣ ጉበትም ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ያፈስሳል፣ ኢንሱሊን ደግሞ እንደ ልቡ መሥራት ያቅተዋል። ሳልበላ ጠዋት 180 ያደረገኝ አንዱ ይህ ነው። ሽንቱም ቢሆን፣ በተዘጋ ጉሮሮ አየር ለመሳብ ስንታገል የደረት ውስጥ ግፊት ይለወጣል፣ ልብ ይለጠጣል። ልብም ደም የበዛ መስሏት፣ ጨውና ውሃ እንዲወጣ ለኩላሊት የሚያዝ ሆርሞን ትለቃለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ውሃ እየጠማኝ የተኛሁት በከንቱ ነው።

ወደ ምርመራው ልግባ። ከጫማ ካርቶን የምታንስ ሣጥን በፖስታ መጣችልኝ። ውስጧ እንደ ትልቅ ሰዓት ያለ ክንድ ላይ የሚታሰር ነገር፣ ከሱ የሚወጣ ቀጭን ሽቦ፣ ሽቦው ጫፍ ላይ እንደ ልብስ ሰፊ ጣት መከላከያ ያለ ጣት ማስገቢያ፣ ከአንገት ጉድጓድ ዝቅ ብሎ ደረት ላይ የሚለጠፍ ክብ ነገርና አንድ ባትሪ። በስልክ ላይ መተግበሪያ ይጫናል፣ የሚስጥር ቁጥር ይገባል። የእኔ ዓይነቱ አንዴ ተሠርቶበት የሚጣል ነው። አፍንጫ ሥር ቀጭን ቱቦ የሚያስሩበትና ደረት ላይ ቀበቶ የሚያዞሩበት ሌላ ዓይነትም አለ፤ የሥራ ባልደረባዬ ያደረገችው ያንን ነው፣ እሱ ይመለሳል።

ማድረጉ አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ያውም ልጄ እየረዳችኝ። መመሪያው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው፤ አማርኛ የለውም። ብቻዋን የምትኖር፣ ማንበብ የሚያስቸግራት እናት ብትሆን ኖሮ ሣጥኗን ሳትከፍት ትመልሳት ነበር ብዬ አሰብኩ። አብዛኞቹ ክሊኒኮች አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸውና ጠይቁ፤ «አማርኛ» ማለት ብቻ ይበቃል።

ጥፍር ቀለም የምትቀቡ ልብ በሉ። የጣት ማስገቢያው ጣታችን ውስጥ የሚመላለሰውን ደም በብርሃን ነው የሚያነበው፤ ቀለም ወይም የተለጠፈ ጥፍር ካለ ይሳሳታል። እኔ ለሠርግ ያሠራሁት ጄል ነበረብኝ፤ ሌሊቱን በአሴቶን ስፍቅ አመሸሁ፤ ምርመራው በአንድ ጣት ስለሚሠራ የአንዱ ጣት ብቻ ቢወልቅ ይበቃ ነበር። ሹሩባ ግን ምንም አይከለክልም። ሌላው፣ ስልኩ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ አልጋው አጠገብ ማደር አለበት።

እንቅልፌ መጣ። ሁለት ጊዜ ለሽንት ተነሳሁ፣ ሳላወልቀው ሄድኩ ተመለስኩ። ጠዋት ሳወልቀው ደረቴ ላይ የተለጠፈበት ቦታ ቀላ ብሎ ትንሽ አሳከከኝ፤ በሁለት ቀን ጠፋ። ሆስፒታል ሄዶ በካሜራ ፊት፣ ራስና ሰውነት ላይ ብዙ ሽቦ ተለጥፎ ከማደር ጋር ስተያየው ይህ ምንም ማለት አይደለም። አንድ ጉድለቱን ግን እወቁት፦ የቤቱ ምርመራ የአእምሮን ሞገድ በቀጥታ አይለካም፣ አንዳንድ ጊዜ ሕመሙን ያሳንሳል ወይም ያልፈዋል። የሥራ ባልደረባዬን «የለብሽም» ካላት በኋላ ምልክቷ ስላልቀረ ሆስፒታል፣ የእንቅልፍ ላብራቶሪ አስተኟት፤ ነበረባት። ስለዚህ «የለም» ከተባላችሁና እናንተ ግን አሁንም ከደከማችሁ፣ ነገሩን እዚያ አትተውት።

ውጤቴ በሰዓት 34 የትንፋሽ መቆራረጥ ሆነ። ከ5 በታች ደህና ነው፣ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ። በየሁለት ደቂቃው እየታነቅኩ ነበር ማለት ነው። ኦክስጅኔ እስከ 79 በመቶ ድረስ ወርዷል። በጀርባዬ ስተኛ ይብሳል። ወረቀቱን መኪና ውስጥ ሆኜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የአጎቴ ልጅ እጅ ነው፣ ትከሻዬ ላይ ያደረው።

ሲፓፕ መድኃኒት የለውም፣ መርፌ የለውም። የተጣራ አየር በቱቦ እየነፋ ጉሮሮ እንዳይደፈን ከፍቶ የሚያሳድር ማሽን ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን ሲድኒ ላይ እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው ሲሆን፣ ዛሬ የሚሰጡን ድምፁ እንደ ሩቅ ማራገቢያ ነው፤ መጠኑም ከአንድ ዳቦ ብዙም አይበልጥም።

እዚህ ላይ ነው አቅራቢው ድርጅት ያንገላታኝ። ፊቴን ሳያዩ፣ ሳይለኩ፣ አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ትልቅ ማስክ ላኩልኝ። አየሩ በጉንጬ በኩል እያፈተለከ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ ሌሊት ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስላል። ስደውል አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ያሰሙኝና ይቋረጣል። እንዲህ እንዲያ ሲሉ ሦስት ሳምንት አለቀ። ቀኑ መቃጠሉ ብቻ አይደለም የሚያናድደው። ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ኢንሹራንስ) እና ብዙ ኢንሹራንሶች ማሽኑን መክፈል የሚቀጥሉት፣ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ውስጥ በተከታታይ 30 ቀን፣ ከሌሊቶቹ 70 በመቶ ያህሉን ቢያንስ አራት አራት ሰዓት ከተጠቀምንበት ነው። ማሽኑ ራሱ ቆጥሮ ይልካል። እነሱ በላኩት ማስክ የእኔ ሰዓት ይቆጠራል። በመጨረሻ ያቺ ደግ ልጅ አንስታ «እህቴ፣ በ30 ቀን ውስጥ መቀየር መብትሽ ነው» አለችኝና አፍንጫ ሥር ብቻ የሚቀመጠውን ትንሹን ማስክ ላከችልኝ። እሱን ያደረግኩ ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኛሁ። ስለዚህ ማስኩ ካልተመቻችሁ ማሽኑን አትጥሉት፤ ጥፋቱ የማስኩ ነው፣ ቶሎ ደውሉ፣ የደወላችሁበትን ቀንም ጻፉ።

የእኛ ሴቶች ጉዳይ ደግሞ ጸጉር ነው፤ ይህን የሚጽፍ ሰው አላገኘሁም። ማሰሪያው በጭንቅላት ኋላ ስለሚዞር ሹሩባ ላይ ይንሸራተታል፣ ጠዋት የግንባሬን ዳር ይነቅለኛል። መፍትሔው ይህ ሆነልኝ፦ መጀመሪያ የሐር ሻሽ፣ ከላዩ ማሰሪያው። ሁለተኛ፣ ቅቤ። ቅዳሜ ጸጉሬን ቅቤ ተቀብቼ የተኛሁ ሌሊት ማስኩ ከፊቴ ሲንሸራተት አደረ፣ ጎማው ላይ የያዘው ሽታም በአንድ ማጠብ አልለቀቀም። ቅባት ሲሊኮኑንም ያበላሻል፤ ቫዝሊንም ያው ነው። አሁን ቅቤ የምቀባው በጠዋት ነው፣ ማታ ከመተኛቴ በፊት እታጠባለሁ። ማስኩን በየቀኑ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥባለሁ፣ ሳህን ከማጠብ አይከብድም። ማሽኑ ውስጥ ያለችው የውሃ ማጠራቀሚያ «ዲስቲልድ» የሚባለውን የተጣራ ውሃ ትፈልጋለች፣ በጋሎን የሚሸጠውን። የቧንቧ ውሃ ነጭ ቅርፊት ይተውባታል።

ለማሽኑ ከአምስት አንዱን ነጥብ የቀነስኩት ለጉዞ ስለማይመች ነው። ሌላም አለ፦ እሑድ ለኪዳን ገና ሳይነጋ ስነሳ፣ ማሽኑ የሚቆጥርልኝ አራት ሰዓት ብቻ የሚሆንበት ቀን አለ፤ የሚያሳዝነኝ ሰዓቱ ሳይሆን ቀን የሚመጣብኝ ድካም ነው፤ አሁን ቅዳሜ ማታ በጊዜ እተኛለሁ።

ምን ለወጠልኝ? በመጀመሪያው ሳምንት አራቱ የሽንት ጉዞ አንድ ሆነ። የጠዋት ራስ ምታቴ ከዚያ ወዲህ ጠፍቷል። ዱካክ የምለውም አልተመለሰም። የጠዋት ስኳሬ ከ175ና 180 ወደ 145 ገደማ ወርዷል፣ ኤዋንሲዬ (የሦስት ወር አማካይ ስኳሬ) ደግሞ በስድስት ወር ከ8.1 ወደ 7.6። ግን በዚሁ ጊዜ ከእራት በኋላ በእግሬ መሄድ ጀምሬአለሁ፤ ስለዚህ ሁሉንም ለማሽኑ አልሰጥም። ጥናቶቹም እዚህ ላይ አይስማሙም፤ አንዳንዱ የሦስት ወሩን ስኳር አወረደ ይላል፣ አንዳንዱ ለውጥ አላገኘም። ማሽኑ የስኳር መድኃኒት አይደለም። የስኳር መድኃኒቴን፣ ሜትፎርሚንን፣ እንደ ድሮው እውጣለሁ። ነርሷ ለክብደት ስለሚሰጠው የዜፕባውንድ መርፌም አንስታልኝ ነበር፤ የአሜሪካው የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ከመጠን ያለፈ ውፍረት ላለባቸውና የትንፋሽ መቆራረጣቸው መካከለኛ ወይም ከባድ ለሆነ አዋቂዎች ፈቅዶታል። እኔ ለአሁኑ በማሽኑ መቆየትን መረጥኩ።

ባለቤቴ ዕረፍት በወጣ ሌሊት አንድ ነገር ሆነ። ከእንቅልፌ ስነቃ መዳፉ ደረቴ ላይ ነው። «ምን ሆንክ?» ብለው፣ «ድምፅሽ ጠፋብኝ፤ መተንፈስሽን ላይ ብዬ ነው» አለኝ።

ለአገር ቤት ሰው ማሽን መላክ የምታስቡ ካላችሁ፣ ያገለገለ ስትገዙ ተጠንቀቁ። ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጁን 2021 ብዙ ሚሊዮን ማሽኖቹን የጠራው ውስጣቸው ያለው ድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ እየተበጣጠሰ ወደ መተንፈሻው ሊገባ ስለሚችል ነው፤ እነዚያ ማሽኖች ዛሬም በየድረ ገጹ በርካሽ ሲሸጡ አያለሁ። የማሽኑን የኋላ ቁጥር ሳታጣሩ አትላኩ። ማሽኑ የሚነፋው የአየር ግፊትም በሐኪም የሚወሰን ነው፣ የእኔ ለወንድሜ አይሆንም።

ወንድሜን ካነሳሁ፣ እሱም ደሴ ነው፣ ስኳር አለበት፣ 61 ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር በስልክ ስምንቱን ጥያቄ ጠየቅኩት። አንገቱን ሚስቱ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካችው፤ 43። ስድስት ሆነበት። «እኔ እኮ ተኝቼ አድራለሁ፣ ምንም የለብኝም» ይላል፤ እኔም እንደዚያው እል ነበር። ሚስቱን ጠይቄ ሌሊት ስልኳን ትራሱ አጠገብ አድርጋ ቀዳችልኝ። ሥራ ላይ፣ ምሳ ዕረፍቴ ላይ ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩት። ያንኮራፋል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ዝም። ከኋላ የውሻ ጩኸት ይሰማል፣ የእሱ ግን የለም። ቆጠርኩ፤ ሃያ አራት ላይ ተነፈሰ። ቅጂውን መልሼ ለሚስቱ ልኬላታለሁ፤ ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ይዛው ትሄዳለች፣ ሐኪሙም እንዲሰማው ስልኳን ቻርጅ አድርጋ እንድትወጣ ነግሬአታለሁ።